የተከረከመው የት ደረሰ?

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ ይከረክማል። ከጥግ የገባውን የማያውቁት ሰው ክርን ያወጣል፣ ፊት ላይ ያለችውን ብጉር በጣቱ ነክቶ ያጠፋል፣ ባክግራውንዱን አንስቶ በሌላ ይተካል። ሥራው ከደቂቃ ስለማያልፍ ታሪክ ያለው አይመስልም። ታሪኩ ግን ከ160 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬም አንድ ጥያቄ ይመላለስበታል። ከፎቶው የወጣው ነገር የት ይገባል? ጠፍቶ ይቀራል፣ ከሥር ይደበቃል ወይስ አንድ ሰው እጅ ይቆያል? መልሱ በተለወጠ ቁጥር የሙያው መሣሪያም፣ ሰው ፎቶን የሚያምንበት መጠንም አብሮ ተለውጧል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ከ1855 እስከ 1900፦ መስታወትና እርሳስ

የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች ፎቶ መነካካት የጀመሩት ለማታለል ብለው አልነበረም፤ ኬሚካሉ አስገድዷቸው ነው። በ1850ዎቹ የሚሠራበት የኮሎዲዮን ኔጋቲቭ ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስሱ ነበር። ምድሩ በቅጡ እስኪወጣ ቢጠብቁ ሰማዩ ተቃጥሎ ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ ለሰማዩ ብለው ቶሎ ቢዘጉት ምድሩ ይጠቁራል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1856 እና በ1857 የባሕር ፎቶዎቹን ሲሠራ ያገኘው መላ ሁለት ኔጋቲቭ ነበር፤ አንዱ ለሰማዩ፣ አንዱ ለባሕሩ። ሁለቱን አድማሱ ላይ አጋጥሞ በአንድ ወረቀት ያትማቸዋል። የወደደውን ደመና ከአንድ በላይ በሆኑ ፎቶዎች ላይ ተጠቅሞበታል፤ ዛሬ ሥራዎቹ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ያው ደመና በሌላ ባሕር ላይ ቆሞ ይገኛል።

ስዊድናዊው ኦስካር ሬይላንደር ደግሞ ነገሩን አገነነው። በ1857 ማንቸስተር ላይ ያሳየው «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለው ፎቶ አንዱ ወደ ምግባር፣ ሌላው ወደ ዝሙትና ቁማር የሚያዘነብሉ ሁለት ወጣቶችን በብዙ ሰው መካከል ያሳያል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዝ ስቱዲዮም ብርሃንም አልነበረውም። ስለዚህ ከ30 በላይ ኔጋቲቮች ለየብቻ አነሳ፤ ከዚያም ቀሪውን ወረቀት እየሸፈነ አንዱን ካንዱ አጠገብ አተመ። ንግሥት ቪክቶሪያ አንድ ቅጂ ገዝታለች።

በዓመቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ከአምስት ኔጋቲቭ አንዲት በሞት አፋፍ ላይ ያለች ልጅ ከነቤተሰቧ አሳየ። ልጅቷ ጤነኛ ነበረች፤ እንድትተውን የተቀመጠች ናት። ተመልካቹ ግን እንዲህ ያለ ሐዘን በካሜራ መነሳቱን እንደ ነውር ቆጠረው። በቀለም ቢሳል ማንም አይቆጣም ነበር። ፎቶ ከሥዕል የተለየ እምነት ተጥሎበት ነበርና፣ ያ እምነት ገና በሃያ ዓመቱ መፈተን ጀመረ።

የማጽዳቱ ሥራ በዚያው ሰሞን ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። የሙኒኩ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል በ1855 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ የአንድን ሰው ፎቶ ከመነካካቱ በፊትና በኋላ አትሞ አቀረበ፤ ሕዝቡ ተደነቀ። ከዚያ ወዲህ ደህና የሚባል ፎቶ ቤት ሁሉ ሪታች የሚያደርግ ሰው ቀጠረ። ሰውየው የመስታወት ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ አስደግፎ፣ የፊት መጨማደዱን በሾለ እርሳስ ይሞላል፤ የወፈረውን ወገብ በቢላ ይፍቃል። እርሳሱ በተርፔንታይን ይለቃል። ቢላው የፋቀው ግን ተመልሶ አይመጣም። የሚመለስና የማይመለስ እርማት የሚለው ልዩነት፣ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት በአንዲት መስታወት ላይ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር ማለት ነው።

## ከ1914 እስከ 1937፦ ከካርቱን ቤት የመጣው ሐሳብ

ዛሬ ሌየር የምንለውን አሠራር የፈጠሩት ፎቶ አንሺዎች አይደሉም። ካርቱን ሠሪዎች ናቸው።

በ1914 አሜሪካዊው ዊንሰር ማኬይ «ገርቲ» የምትባል ዳይኖሰር የሚያሳይ ፊልም ሲሠራ፣ ዳይኖሰሯ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ተራራውና ሐይቁ በየወረቀቱ እንደገና ይሳሉ ነበር። ይህን የሚገለብጥ ረዳት ነበረው፤ ወረቀቶቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኧርል ሃርድ የተባለ ሌላ ካርቱኒስት ለአንድ ቀላል ዘዴ የፈጠራ መብት ጠየቀ። የሚንቀሳቀሰው ነገር በግልጽ ሴሉሎይድ ላይ ይሳል፣ የማይንቀሳቀሰው መልክዓ ምድር ከሥር አንድ ጊዜ ብቻ ይሳል፣ ሁለቱ ተደራርበው ይነሱ አለ። እጅ ሲንቀሳቀስ እጁ ብቻ ይለወጣል። ቀለም ቢንጠባጠብ የተንጠባጠበበት አንዱ ሉህ ይጠረጋል እንጂ ሌላው አይነካም።

ዘዴው እንከን አላጣውም። ሴሉሎይድ እንደ አየር ግልጽ ስላልሆነ ሉህ በተደረበ ቁጥር ከሥር ያለው ይደበዝዛል። ስለዚህ ካርቱን ቤቶቹ የሚደርቡትን በጥቂት ሉህ ይወስኑ፣ የታችኛውን ቀለም ደግሞ እያደመቁ ይቀቡ ነበር። የዲዝኒ ሰዎች በ1937 ሉሆቹን በትልቅ ማማ ላይ በተለያየ ከፍታ ደርድረው፣ ካሜራውን ከላይ ወደ ታች አሳዩት። «አሮጌው ወፍጮ» የተባለው አጭር ፊልምና በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የ«ስኖው ዋይት» ጥልቀት የመጣው ከዚህ ነው። ከ57 ዓመት በኋላ ፎቶሾፕ ሌየርን ለተጠቃሚ ሲያስረዳ የተጠቀመበት ምሳሌ ይኸው የተደረደረ ግልጽ ሉህ ነበር።

## ከ1916 እስከ 1967፦ ቢላ፣ ኤርብረሽና መንግሥት

ፎቶ በጋዜጣ ከታተመ በኋላ ማጽዳት የውበት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። እኛም አገር የዚህ ታሪክ አንድ ገጽ አለን። በ1916 መስከረም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ በእስላም ልብስ ያሳያቸዋል የተባለ ፎቶ ለመክሰሻ እንደዋለ ይነገራል። ፎቶው ተቀናብሮ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው፣ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ «ተቀናብሮ ይሆናል» የሚል ጥርጣሬ የሚታመን መሆኑ ነው። መቀስና ሙጫ ያለው ፎቶ አንሺ ሊሠራው ይችል ነበር።

በሶቪየት ኅብረት ግን ጥርጣሬ የለም፤ ማስረጃው በገፍ አለ። የታወቀው ምሳሌ በሞስኮ–ቮልጋ ቦይ ዳር የተነሳው ነው። ስታሊን፣ ቮሮሺሎቭና ሞሎቶቭ ይራመዳሉ፤ ከስታሊን ጎን አጭሩ የምሥጢር ፖሊስ አዛዥ ኒኮላይ ዬዦቭ አለ። ዬዦቭ በ1940 ተረሸነ። በኋላ በታተመው ፎቶ እሱ የነበረበት ቦታ የቦዩ ውሃ ሆኗል። ሥራው የኤርብረሽ ነው፤ በአየር ግፊት ቀለም የሚነፋ ብዕር መሰል መሣሪያ። ውሃውን የሳለው ሰው ማዕበሉን ከግራና ከቀኙ ጋር ማስማማት፣ የድንጋዩን አጥር መስመር ሳያዛንፍ መቀጠል ነበረበት። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሶፍትዌር በራሱ ሊሠራው የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

የጠፋው ሰው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ቀድሞ የታተሙት ቅጂዎች በየሰው ቤትና በየቤተ መጻሕፍቱ ቀርተው ነበር፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኪንግ አሥርት ዓመታት ፈጅቶ ሰብስቧቸው በ1997 በመጽሐፍ አወጣቸው። አሳታሚው አገር ኅትመቱን እንጂ ዓለም ላይ የተበተነውን ቅጂ መከርከም አልቻለም።

መከርከም ብቻውን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ደግሞ ኩባ መሄድ ያስፈልጋል። አልቤርቶ ኮርዳ በመጋቢት 5 ቀን 1960 ሃቫና ላይ፣ በላ ኩብር መርከብ ፍንዳታ ለሞቱት በተደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ቼ ጉቬራን አነሳ። ኔጋቲቩ አግድም ነው። በአንዱ ጎን የሌላ ሰው ፊት ከጎኑ ይታያል፣ በሌላው ጎን የዘንባባ ቅጠል ተንጠልጥሏል። ፎቶዎቹን የላከለት ጋዜጣ ሌሎቹን መርጦ ይህን ተወው። ኮርዳ ሰውየውንም ዘንባባውንም ከርክሞ ቼን ብቻውን አስቀረና ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በ1967 ለጣሊያናዊው አሳታሚ ፌልትሪኔሊ ቅጂ ሰጠ፤ ቀሪውን በየቲሸርቱ አይተነዋል። በፊቱ ላይ የተነካ ነገር የለም። ስብሰባ ላይ የቆመን ሰው አድማስ ወደሚያይ ሐውልት የለወጠው ከዳርና ከዳር የተቆረጠው ብቻ ነው። ኔጋቲቩ ሙሉውን ይዞ ስለቆየም ዛሬ ሁለቱን ማነጻጸር እንችላለን።

## ከ1957 እስከ 1984፦ ፎቶ ቁጥር ሲሆን

በ1957 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ባልደረባ ራስል ኪርሽ የጥቂት ወር ልጁን ፎቶ በሠራው ስካነር ላይ ጠቅልሎ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ምስሉ በአግድም 176፣ በቁመት 176 ነጥብ ነበረው፤ በጠቅላላው 30,976። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፎቶ የቁጥር ሠንጠረዥ ሆነ። መከርከም ከሠንጠረዡ ረድፍና ዓምድ መቀነስ፣ ማጽዳት ደግሞ አንዱን ቁጥር በሌላ መተካት ሆነ። ልብ ይበሉ፦ ቁጥር ሲተካ ጠባሳ አይተውም። መስታወት ላይ የተፋቀው በማጉያ መነጽር ይታያል፤ የተለወጠ ቁጥር ግን ከጎረቤቱ አይለይም።

ሁለተኛው ቁልፍ ነገር የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በ1977 ለእያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቁጥሮቹ ሌላ አራተኛ ቁጥር ጨመሩለት። ይህ ቁጥር ፒክስሉ ምን ያህል እንደሚሸፍን ይናገራል፤ አልፋ ተባለ። ፊት በነጠላ በኩል ደብዘዝ ብሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ የፀጉር ጫፍም ግማሽ ፀጉር ግማሽ ሰማይ ነው። ያለ አልፋ የተቆረጠ ፀጉር በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። በ1984 የሉካስፊልም ባልደረቦቹ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የድርድሩን ሒሳብ በአንድ አጭር ጥናት አስቀመጡት፤ የላይኛው በአልፋው ተባዝቶ፣ የታችኛው በቀረው ተባዝቶ ይደመራሉ። ዛሬ ማንኛውም ሰው አንድን ሌየር በሌላው ላይ ሲያስቀምጥ የሚሠራው ይኸው ሒሳብ ነው። የካርቱኖቹ ሴሉሎይድ ድብዘዛ እዚህ ጋ ተወገደ፤ መቶ ሉህ ቢደረብ ቀለሙ አይደክምም።

በዚህ መካከል ቅሌት መጣ፤ የመጣውም ከመከርከም ችግር ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ በየካቲት 1982 ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች ማውጣት ፈለገ። ፎቶው አግድም፣ ሽፋኑ ግን ቁም ነው። ቢከረከም ከፒራሚዶቹ አንዱ ተቆርጦ ሊቀር ሆነ። የመጽሔቱ ሰዎች ሳይቴክስ በሚባል ውድ የኅትመት ኮምፒውተር ፒራሚዶቹን አቀራርበው አስገቧቸው። ነገሩ ሲታወቅ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። እንደ እኔ ግምት ያን ያህል ያስቆጣው የተንቀሳቀሰው ነገር ፒራሚድ መሆኑ ነው። ከ4,000 ዓመት በላይ ያልተነቃነቀ ነገር በአንድ አርታኢ ጠረጴዛ ላይ ፈቀቅ አለ።

## ከ1987 እስከ 1993፦ የኖል ወንድማማቾች

ሳይቴክስ የሀብታም ማተሚያ ቤት ዕቃ ነበር። ነገሩን ወደ ተራ ጠረጴዛ ያወረዱት የአን አርቦር፣ ሚሺጋን ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ነበራቸው። ቶማስ ኖል ኅትመት ማብራትና ማጥቆር እዚያ ተማረ። በ1987 ለዶክትሬቱ ሲሠራ የገዛው ማኪንቶሽ ጥቁርና ነጭ ብቻ እንጂ ግራጫ ማሳየት ስለማይችል፣ ግራጫውን የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ወንድሙ ጆን በኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የፊልም ቅንብር ይሠራ ነበርና ፕሮግራሙን ሲያይ የመሥሪያ ቤቱን ውድ መሣሪያ አስታወሰው። አሻሽለው፣ ጨምርበት እያለ ወንድሙን ወጠረው።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ባርኒስካን ከሚባል ስካነር ጋር 200 ያህል ቅጂ ተሰራጨ። ቀጥሎ አዶቢ ፈቃዱን ወሰደ፤ ፎቶሾፕ 1.0 በየካቲት 1990 ለማኪንቶሽ ወጣ። ኮዱ 128,000 መስመር ገደማ ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የጻፈው ቶማስ ነው። ሶፍትዌር በመቶ ሰው በሚሠራበት በዛሬው ዓይን ይህ የማይታመን ነው።

ያ ፎቶሾፕ መከርከሚያ ነበረው፣ ከአንዱ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚያትም ማኅተምም ነበረው፤ ሌየር ግን አልነበረውም። አንድ ሰው ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ ሲለጠፍ፣ መራጩ መስመር እስካለ ድረስ ከላይ ተንሳፎ ይቆያል፤ ወዲያ ወዲህ ይባላል። ከሰውየው ውጪ አንዴ ጠቅ ካደረጉ ግን ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሃዳል፣ ከሥሩ የነበሩት ፒክስሎች እስከ ወዲያኛው ይጠፋሉ። ወደ ኋላ መመለስ የሚቻለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የሠሩ ዲዛይነሮች በየደረጃው ፋይሉን በሌላ ስም የማስቀመጥ ልማድ ያዳበሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዲጂታል ምስል ከመስታወት ኔጋቲቭ በባሰ ሁኔታ ተሰባሪ የነበረበት አጭር ዘመን ነው።

## ከ1994 እስከ 1998፦ ሌየር

በ1994 ፎቶሾፕ 3.0 ሌየር ይዞ ወጣ። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው እሱ አልነበረም፤ ምስልን በንብርብር የሚይዙ ሌሎች ፕሮግራሞች ከፊቱ ነበሩ። ሙያተኛው ግን የነበረው ፎቶሾፕ ላይ ነበርና የሥራው ልማድ የተለወጠው በዚያ ነው። ከሌየሩ ጋር ማስክ መጣ፤ የማይፈለገውን ክፍል ከማጥፋት ይልቅ በጥቁር የሚሸፍን፣ ሲያስፈልግ በነጭ የሚገልጥ። በ1996 ብርሃንና ቀለምን ብቻ የሚሸከም፣ ፎቶውን የማይነካ ሌየር ተጨመረ። በ1998 የእርምጃዎች ታሪክ ተጨምሮ ብዙ ደረጃ ወደ ኋላ መሄድ ተቻለ። እርሳሱ አሸነፈ፣ ቢላው ወደ መሳቢያ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ዋጋ ግን ነበረው። በ300 ነጥብ ጥራት የተሠራ አንድ የኤ4 ገጽ ወደ 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ይይዛል፤ በሦስት ቀለም 26 ሜጋባይት ይሆናል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ሜሞሪያቸው 8 ወይም 16 ሜጋባይት ነበር። ሁለት ሦስት ሌየር ሲደረብ ማሽኑ ያቃስታል፤ ዲዛይነሩ ተገዶ ሁሉንም ወደ አንድ ይደፈጥጣቸዋል። የሚመለሰውን ሥራ ወደማይመለስ የሚቀይረው የሜሞሪ እጥረት ነበር።

መከርከሙም በሌየር ዘመን ተወሳሰበ። አንዲት ወረቀት ስትቆረጥ ምን እንደወጣ ይታያል። አሥር ሉህ ተደራርቦ ሲቆረጥ ግን ከሸራው ውጪ የተንጠለጠለው ክፍል ምን ይሁን? ፎቶሾፕ ከሸራው የተረፈውን ይዞ ማቆየትን መረጠ፤ ሌየሩን ቢጎትቱት የተደበቀው ብቅ ይላል። ፋይሉ ከሚታየው ምስል በላይ የሚከብደውም ስለዚህ ነው፤ ለማተሚያ ቤት የተላከ ትንሽ ካርድ ከጀርባው ሙሉ የሠርግ አዳራሽ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። ሌላ መንገድ የመረጠው ጂምፕ ነው። በበርክሌይ የሚማሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ በ1995 ጀምረውት፣ በ1998 1.0 ተብሎ በነፃ የወጣ ፕሮግራም ነው። በጂምፕ እያንዳንዱ ሌየር የራሱ ወሰን፣ የራሱ ስፋት አለው። ንጹሕ አስተሳሰብ ነው፤ ጀማሪ ግን ከሌየሩ ወሰን አልፎ ሲቀባ ምንም ሳይወጣለት ብሩሹ ተበላሸ ብሎ ይማረራል።

ፈቃድ የሌለው ፎቶሾፕ በሲዲ እየተገለበጠ በተዳረሰበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ ሌየርን ያስተዋወቀው የሠርግ አልበም ነው። ሙሽሮች ከሚፎክር ፏፏቴ ፊት፣ ከአበባ ክምር በላይ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን በትልቁ ከራሳቸው በላይ ሆነው የሚታዩበት አልበም በብዙ ቤት ይገኛል። የጠርዙ አቆራረጥ ሻካራ ነው። ቢሆንም ማንም ሰው ፏፏቴውን እውነት ነው ብሎ ስላልጠየቀ፣ ከጋዜጣ ፎቶ ይልቅ ሐቀኛ ነበር እላለሁ።

## ከ2002 እስከ 2012፦ ማጽዳቱ ሲቀልና ሲያስከስስ

የቀድሞው ማኅተም ከአንድ ቦታ የቀዳውን እንዳለ ሌላ ቦታ ያትማል፤ ከጉንጭ የተቀዳ ቆዳ ግንባር ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ይለያል። በ2002 በፎቶሾፕ 7 የመጣው ፈዋሽ ብሩሽ ከምንጩ የሚወስደው የቆዳውን ሸካራነት ነው፤ ቀለሙንና ብርሃኑን ግን ከሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ ይበደራል። የአንድ ሰዓት ሥራ ወደ ጥቂት ደቂቃ ወረደ። በ2009 ኮኔሊ ባርንስና ባልደረቦቹ በምስል ውስጥ ተመሳሳይ ቁርጥራጮችን እጅግ በፍጥነት የሚፈልግ ስልት አሳተሙ። በዓመቱ ፎቶሾፕ ሲኤስ5 በዚያ ላይ ተመሥርቶ፣ የተመረጠውን ነገር አጥፍቶ ቦታውን ከአካባቢው የሚሞላ ትእዛዝ አመጣ። የዬዦቭን ውሃ የሳለው ሰው ሥራ አንድ ቁልፍ ሆነ።

ነገር ሲቀል ፈታኙ ይበዛል። በ2003 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ፎቶ አንሺ ኢራቅ ላይ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች አንድ አድርጎ በመላኩ ተባረረ። በ2006 ሮይተርስ የቤይሩትን ጭስ በማኅተም ያበዛ ፎቶ አንሺውን አሰናብቶ ሥራዎቹን ከማኅደሩ አነሳ። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን በ2010 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር የሆነው ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ከሰፊ ፎቶ አብዛኛውን ከርክሞ፣ የቀረችውን ትንሽ ክፍል ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ፣ ጥላውን አክብዶ ሽልማት አገኘ። ዋናውን ፋይል ሲያመጣ ከጀርባ የነበረ የሌላ ሰው እግር ጫፍ መጥፋቱ ታወቀና ሽልማቱ ተነጠቀ። ያን ሁሉ መከርከሙ አላስጠየቀውም። ዳኞቹ ደንባቸውን ጠብቀዋል። እኔ ግን ኮርዳን ሳስብ፣ ከእግር ጫፍ ይልቅ ከፍሬም ውጪ የሚቀረው ሰው ታሪኩን ብዙ ጊዜ የበለጠ እንደሚለውጠው አልጠራጠርም።

በ2012 ሲኤስ6 የመከርከሚያውን አሠራር አሻሻለ። የተከረከሙት ፒክስሎች ይጥፉ ወይስ ይቆዩ የሚለው አንድ ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት በማድረግ ይወሰናል። ምልክቱ ከተነሳ ነጠላው ባክግራውንድ ራሱ ወደ ሌየር ይቀየራል፤ ነገ መከርከሚያውን መልሶ ያነሳ ሰው ትናንት የቆረጠውን ጠርዝ መልሶ ያገኘዋል። ከመስታወት ዘመን ጀምሮ የነበረው ምርጫ በመጨረሻ ለተጠቃሚው በግልጽ ቀረበለት።

## ከ2018 እስከ 2024፦ ያልጠፋውና ያልነበረው

ጠፋ የተባለው ሳይጠፋ መቅረቱ በ2023 መጋቢት ዓለምን አስደነገጠ። ሳይመን አሮንስና ዴቪድ ቡካናን የተባሉ ሁለት ሰዎች በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ ያለው የስክሪንሾት መከርከሚያ ለዓመታት ጉድለት እንደነበረበት አሳወቁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተከረከመው አዲስ ምስል ከአሮጌው ያነሰ ነው። ስልኩ አዲሱን በአሮጌው ፋይል ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጽፈዋል፤ የተረፈውን የአሮጌውን ጅራት ግን አይቆርጠውም። ምስል ማሳያው አዲሱ ያለቀበት ላይ ስለሚቆም ማንም አያየውም። ፋይሉን የሚመረምር ሰው ግን ከጅራቱ የዋናውን ምስል ትልቅ ክፍል መልሶ ማውጣት ይችላል። ሰዎቹ ለማሳያ ቁጥሩ የተሸፈነ የባንክ ካርድ ምስል ወስደው ቁጥሩን መለሱት። በዊንዶውስ 11 መከርከሚያም ተመሳሳይ ጉድለት ተገኘ። ሁለቱም ተጠገኑ፤ ቀድሞ ለሰው የተላከውን ምስል ግን ጥገናው አይደርስበትም።

ፎቶሾፕ የተከረከመውን ያስቀመጠው ባለቤቱ እንዲመልሰው ነበር። እዚህ የተቀመጠው ባለቤቱ ሳያውቅ ነው፤ የሚመልሰውም ሌላ ሰው ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት አዶቢ በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚፈጥር መሙያ በሙከራ ደረጃ አወጣ፤ በሐምሌ ደግሞ መከርከሚያው ወደ ውጪ እንዲሰፋ አደረገው። ማዕዘኑን ይዘው ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ይጎትቱታል፤ ባዶው ቦታ በሰማይ፣ በግድግዳ፣ ያልተነሳ ክንድ ቢያስፈልግ በክንድ ይሞላል። አሮጌው ማጽጃ ቢያንስ የሚበደረው ከዚያው ፎቶ ነበር። አዲሱ የሚያመጣው በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ሌሎች ምስሎች ከተማረው ነው። የናሽናል ጂኦግራፊክ ሰዎች ይህ ቢኖራቸው ፒራሚዶቹን ባልነኩ፣ ከላይ ሰማይ፣ ከታች አሸዋ ጨምረው ሽፋኑን ይሞሉት ነበር። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ለመፍረድ እኔ አልደፍርም። የተጨመረው ክፍል ለብቻው በራሱ ሌየር ላይ ስለሚቀመጥ፣ ፋይሉን የያዘው ሰው የሌየሩን የዓይን ምልክት ሲያጠፋ የጥንቱ ጠርዝ ይመለሳል። ፎቶው ተደፍጥጦ በጄፔግ ሲላክ ግን ለተቀባዩ የሚደርሰው አንድ ገጽ ብቻ ነው።

በመጋቢት 2024 የዌልስ ልዕልት ከልጆቿ ጋር የተነሳችበት የእናቶች ቀን ፎቶ ወጣ። የልጅቷ እጅጌ ጠርዝ እንደማይገጥም ተመልካቾች አስተዋሉ፤ አሶሺዬትድ ፕሬስ፣ ሮይተርስና አዣንስ ፍራንስ ፕሬስ በዚያው ዕለት ፎቶውን ከሥርጭት አነሱ። በማግሥቱ ልዕልቷ እንደ ብዙ አማተር ፎቶ አንሺ ማስተካከል እሞክራለሁ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ጋዜጠኞቹ ያልተነካካውን ፎቶ ጠየቁ። ቤተ መንግሥቱ አናወጣም አለ።